ከላስ ቬጋስ ዴዝ ቫሊ ደርሶ መልስ፦ ልጆች ይዘው ለሚሄዱ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምንኖረው ላስ ቬጋስ ነው። ዴዝ ቫሊ የሚባለው የበረሃ ብሔራዊ ፓርክ ከዚህ በመኪና ሁለት ሰዓት ቢወስድ ነው። ሆኖም እዚህ ከተማ አሥር ዓመት ኖረው በረሃውን አንዴም ያላዩ ብዙ ሐበሾች አውቃለሁ። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ ልደት ላይ፣ ቡና ላይ ወሬው ሲነሳ የምጠየቀው ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። እኔ ከባለቤቴ፣ ከዘጠኝ ዓመቷ ልጃችንና ከስድስት ዓመቱ ወንድሟ ጋር አራት ጊዜ ሄጃለሁ። አንዴ እናቴም አብራን ነበረች። የማውቀውን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ስሙ ራሱ ያስፈራል። ልጅ ተይዞ ይኬዳል?

ይኬዳል። ወቅቱን መምረጥ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ስሙ በቀጥታ ሲፈታ "የሞት ሸለቆ" ነው። በ1849 መጨረሻ ወርቅ ፍለጋ ወደ ካሊፎርኒያ ሲጓዙ መንገድ የሳቱ ሰዎች እዚህ ገብተው ብዙ ተንገላቱ። አንድ ሰው እዚያው ሞተ። ሲወጡ ከመካከላቸው አንዱ ዞር ብሎ "ደኅና ሁን፣ የሞት ሸለቆ" አለ ይባላል። ስሙ በዚያው ቀረ።

ለልጆቻችሁ ይህን ስትነግሩ ግማሹን ታሪክ እንዳታስቀሩ አደራ። ቲምቢሻ ሾሾኒ የሚባሉት የአገሬው ሰዎች ከዚያ ጊዜ በፊት በጣም ቀድመው እዚህ ይኖሩ ነበር። ዛሬም ሸለቆው ውስጥ ፈርነስ ክሪክ በሚባለው ቦታ አጠገብ መንደር አላቸው። ለእነሱ ቦታው አገራቸው ነው። ይህን ስነግራት ልጄ ትንሽ ዝም አለችና "ታዲያ ውኃው የት እንዳለ ለምን አልጠየቋቸውም?" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ታሪኩን ለሰው ስናገር የእሷን ጥያቄ ሳልጨምር አላልፍም።

መቼ ነው የሚኬደው?

ከኅዳር እስከ መጋቢት። እኔ የምወደው ጥር ነው። በጥር ቀኑ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ሌሊቱ ግን ይበርዳል። የማርቲን ሉተር ኪንግ በዓል ሰኞ ስለሚውል ልጆቹ ሦስት ቀን እረፍት ያገኛሉ። ጥምቀትም በዚያው ሰሞን ነው። እኛ አንድ ዓመት ጥምቀትን አክብረን በማግስቱ ወጣን።

በበጋ፣ ማለትም ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ አትሂዱ። ይህን ስል ማጋነኔ አይደለም። በዓለም ላይ ከተመዘገበው ሙቀት ሁሉ ከፍተኛው የዚህ ቦታ ነው፤ ሐምሌ 10 ቀን 1913 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ 56.7 ዲግሪ። በሐምሌ አማካዩ የቀን ሙቀት ራሱ 47 ዲግሪ አካባቢ ነው። "ከመኪና አንወርድም፣ ኤሲ አለ" የሚሉኝ አሉ። መኪናው ቢቆምስ? ልጆቹን ለጥር አቆዩአቸው።

በየት በኩል ነው መንገዱ?

ሀይዌይ 160ን ይዛችሁ ፓራምፕ የምትባል ከተማ ትደርሳላችሁ፤ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ በቤል ቪስታ መንገድ ወደ ዴዝ ቫሊ ጃንክሽን፣ ቀጥሎ ሀይዌይ 190ን ይዞ ወደ ፈርነስ ክሪክ መውረድ ነው። በጠቅላላው 120 ማይል አካባቢ ይሆናል።

ፓራምፕ ላይ ነዳጁን ሙሉ። ፓርኩ ውስጥም ማደያ አለ፤ ግን በጣም ይወደዳል። ሽንት ቤትም እዚያው ፓራምፕ ላይ ይግቡ፤ "አልመጣብኝም" የሚለው ልጅም ጭምር። ከዚያ በኋላ ዛፍ የሌለበት ሜዳ ነው።

ጊዜ ካላችሁ በመንገዱ ላይ አሽ ሜዶውስ የሚባል የዱር እንስሳት መጠለያ አለ። መግቢያ አይከፈልበትም። በረሃ መሀል ከመሬት የሚፈልቅ ኩልል ያለ ውኃ ታያላችሁ። በእንጨት መረማመጃው ላይ እየሄዳችሁ ውኃው ውስጥ የጣት ጫፍ የሚያህሉ ሰማያዊ ዓሦች ሲሯሯጡ ትመለከታላችሁ። ልጄ በሆዱ ተኝቶ በእንጨቱ ክፍተት እያየ ግማሽ ሰዓት አልነሳም አለን። እነዚህ ዓሦች አገሩ ሐይቅና ወንዝ ከነበረበት ከጥንቱ ዘመን የተረፉ ናቸው። እዚያው አካባቢ ዴቪልስ ሆል የሚባል ውኃ የሞላበት የድንጋይ ጉድጓድ አለ፤ በዓለም ላይ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ብቻ እንጂ ሌላ የትም የማይገኝ የዓሣ ዝርያ ይኖርበታል።

በአንድ ቀን ስንት ቦታ ማየት እንችላለን?

ልጆች ካሉ ሦስት። ከዚያ አትለፉ።

መጀመሪያ ጊዜ ስንሄድ ሰባት ቦታ ወረቀት ላይ ጽፌ ነበር። በየቦታው 20 ደቂቃ መድቤያለሁ። ልጆቹ ገና ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ማየት ሲጀምሩ "ኑ ግቡ፣ እንሂድ" እላለሁ። ከሰዓት በኋላ ጠመዝማዛው መንገድ ላይ ትንሹ አስመለሰው። ሰባተኛው ቦታ ስንደርስ ጨልሟል፣ ሁለቱም ተኝተዋል። ማታ ቤት ገብተን "ምን ወደዳችሁ?" ስላቸው ትልቋ "ያችን ጉንዳን" አለች። ጉንዳኗን ያየቻት ፓራምፕ ማደያው ጋ ነበር፤ ነዳጅ እስክንቀዳ የቆምንባት አሥር ደቂቃ ናት ያስደሰተቻት።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የምናደርገው። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 1 ሰዓት ከቤት እንወጣለን። መጀመሪያ ዛብሪስኪ ፖይንት፤ ከመኪና ማቆሚያው ትንሽ ዳገት ወጥቶ ቢጫና ቡናማ የተሸበሸበ ተራራ ማየት ነው። ቀጥሎ ፈርነስ ክሪክ የጎብኚዎች ማዕከል። ከዚያ ባድዋተር፣ ነጩ የጨው ሜዳ። እዚያ ሰዓት አንቆጥርም። ስንመለስ ጉልበት ከተረፈን አርቲስትስ ድራይቭን እንነዳለን፤ 9 ማይል የአንድ አቅጣጫ መንገድ ነው። ተራራው ሮዝ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ ነው፤ ከእሳተ ገሞራ የመጣው አፈር ውስጥ ያለው ብረትና ሌላው ማዕድን ነው ያቀለመው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቀለሙ ይደምቃል።

አሸዋውስ? አሸዋው ስቶቭፓይፕ ዌልስ አጠገብ ነው፣ ከፈርነስ ክሪክ 25 ማይል ያህል ይርቃል። ልጆች ያብዳሉ፤ እስከ 30 ሜትር የሚደርስ ክምር አለ። ግን እሱን ካከላችሁ አንዱን ሰርዙ፣ ወይ እደሩ።

ባድዋተር ላይ ጨው ብቻ ነው ያለው ይባላል። ልጅ አይሰለቸውም?

እኔም እንዲያ መስሎኝ ነበር።

ስትደርሱ መጀመሪያ ከመኪና ማቆሚያው በላይ ያለውን ገደል ቀና ብላችሁ እዩ። በጣም ከፍ ብሎ አንዲት ነጭ ጽሑፍ ተለጥፋለች፤ የባሕር ወለል እዚያ ላይ ነው ትላለች። እናንተ የቆማችሁት 86 ሜትር ከባሕር በታች ነው። ልጄ አንገቱን ቀና አድርጎ አየና "ማሚ፣ ባሕሩ ቢመጣ ከላያችን ነው?" ብሎ እጄን ጨብጦ ያዘ። አዎ፣ ከላያችን ነው፤ ግን በመሀል ስንት ተራራ አለ አልኩት።

ከዚያ ወደ ነጩ ሜዳ ትገባላችሁ። መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰው የረገጠው ስለሆነ ጠፍጣፋና ቆሻሻ ነው። እዚያ ሆኖ ፎቶ ተነስቶ የሚመለስ ብዙ ነው። ተጨማሪ 15 ደቂቃ ሂዱ። ጨዉ በመሬቱ ላይ እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስትና ባለ አምስት ማዕዘን እየሆነ ይመጣል፣ ጠርዙ እንደ እርሾ ተነፍቶ ቆሟል። ሲረግጡት እንደ ደረቅ ቂጣ ይሰበራል። ተንበርከኩና ጆሯችሁን አቅርቡ፤ ሙቀቱ በሚቀያየርበት ሰዓት ቅሽ ቅሽ ሲል ይሰማል።

እናቴ ከደሴ መጥታ አብራን የሄደች ጊዜ፣ እዚያ ቆማ ሜዳውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጣቷን ነካ አድርጋ ቀመሰች። "ይኼማ አሞሌ ነው" አለች። ልጆቹ አሞሌ ምን እንደሆነ አያውቁም። እዚያው ነጠላዋን አንጥፋ ቁጭ አለችና ነገረቻቸው። አፋር ወርዶ ጨው የሚቆርጥ ሰው እንዴት ከመሬቱ እየፈነቀለ፣ በመጥረቢያ እየጠረበ፣ በግመል እየጫነ ወደ ደጋ እንደሚያወጣው። ጨው በድሮ ጊዜ ገንዘብ እንደነበረ፣ በአሞሌ በግ እንደሚገዛ። ልጄ "ገንዘባችሁን ትበሉት ነበር?" አለቻት። እናቴ ሳቀችና "ወጥ ውስጥ እየጨመርን" አለቻት።

እኔ ያሰብኩት ዴዝ ቫሊን ላሳያቸው ነበር፤ ያዩት ግን አፋርን ጭምር ነው። ደግሞ ይህን ጨምሩላቸው፤ ዳሎል አካባቢ ያለው የአፋር ዝቅተኛ ቦታ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከባድዋተር ይበልጣል። ልጄ ይህን ስትሰማ የዚያን ቀን ላገኘችው ሁሉ "የእኛ ይበልጣል" ስትል ዋለች።

ልጆች የሚጠይቁትን ሁሉ መመለስ ያቅተኛል። ምን ላንብብ?

ብዙ ማንበብ አይጠበቅባችሁም። ከኛ ልጆችም ከሌሎች ልጆችም የሰማኋቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ መልሶቹን እንደምነግራቸው አድርጌ ጻፍኳቸው።

ጨው ከየት መጣ? ዝናብ ተራራውን ሲያጥብ በድንጋዩ ውስጥ ያለውን ጨው አሟሙቶ ይዞ ይወርዳል። ሸለቆው መውጫ የለውም። ውኃው በሙቀት ይተናል፣ ጨው ይቀራል። ይህ በሺህ ዓመታት ሲደጋገም ያንን ሜዳ ይሆናል። የአፋሩ ግን የተለየ ነው፤ እሱ የቀይ ባሕር ውኃ ገብቶ ከደረቀ በኋላ የቀረ ጨው ነው።

ለምን ይሞቃል? ቦታው ጎድጓዳ ነው፣ በረጃጅም ተራራ ታጥሯል። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሊወጣ ሲል ትንሽ ቀዝቀዝ ብሎ ተመልሶ ይወርዳል፤ ሲወርድ እየተጨመቀ ይብሱን ይሞቃል። እኔ ክዳኑ እንደተከደነ ድስት ነው ብዬ ነው የማስረዳቸው።

ለምን አይዘንብም? ከምዕራብ ከባሕር የሚመጣው ደመና አራት የተራራ ሰንሰለት ማለፍ አለበት። እዚያ እየዘነበ እየዘነበ እዚህ ሲደርስ ባዶውን ነው። በዓመት የሚዘንበው 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ግን አንዳንዴ ይገርማል። በነሐሴ 2023 ሂላሪ የምትባለው ማዕበል በአንድ ቀን የዓመቱን ያህል ዝናብ አወረደችበትና ባድዋተር ሐይቅ ሆነ። በጥቂቱም ቢሆን ለወራት ቆየ፣ ሰዎች በታንኳ ቀዘፉበት።

ድንጋይ ይሄዳል የሚባለው እውነት ነው? እውነት ነው። ሬስትራክ የሚባል ደረቅ ሐይቅ አለ፤ ድንጋዮቹ ከኋላቸው ረጅም ዱካ ጥለው ይገኛሉ። ማን እንደሚገፋቸው ለብዙ ዓመት ሳይታወቅ ቆይቶ ተመራማሪዎች በ2013 መጨረሻ በዓይናቸው ሲሄዱ አዩአቸው። ሌሊት ስስ በረዶ ይሠራል፣ ጠዋት ይሰባበራል፣ ነፋስ በረዶውን ሲነዳው በረዶው ድንጋዩን ይገፋዋል። መንገዱ ግን ሸካራና አለታማ ስለሆነ በቤት መኪና ልጅ ይዛችሁ አትሞክሩት። ታሪኩ ይበቃቸዋል።

እዚህ ምን ይኖራል? አሸዋው ላይ ጠዋት ስትደርሱ ዱካ ፈልጉ። የካንጋሮ አይጥ የሚሏት አለች፤ ከምትበላው ፍሬ የምታገኘው እርጥበት ስለሚበቃት ዕድሜዋን ሙሉ ውኃ ሳትጠጣ ትኖራለች። ልጄ ይህን ከሰማ ጀምሮ ውኃ ጠጣ ሲባል "እኔ የካንጋሮ አይጥ ነኝ" ይላል፤ ስለዚህ ውኃውን ካጠጣችሁ በኋላ ንገሯቸው።

በቅሎ ለሚወዱ ልጆች ደግሞ፦ በ1880ዎቹ ከዚህ ቦራክስ የሚባል ማዕድን ይወጣ ነበር። 18 በቅሎና 2 ፈረስ በአንድ ላይ ተጠምደው 165 ማይል እየጎተቱ እስከ ባቡር ጣቢያው ያደርሱት ነበር፤ 10 ቀን ይፈጃል። ሃርመኒ የሚባለው ፍርስራሽ ፈርነስ ክሪክ አጠገብ ነው።

ጁኒየር ሬንጀር ምንድነው?

በፍጹም አትለፉት። የጎብኚዎች ማዕከል ስትገቡ ለልጆቹ መጽሔት ስጡን በሉ፤ በነፃ ነው። ውስጡ የሚሞላ፣ የሚሳል፣ የሚፈለግ ነገር አለ። ሲጨርሱ ለሬንጀሩ፣ ማለትም ለፓርኩ ጠባቂ፣ ያሳያሉ፣ ቀኝ እጃቸውን አንስተው ቃል ይገባሉ፣ ባጅ ይሰጣቸዋል። ልጄ ባጁን ሰኞ ለትምህርት ቤት አደረገው፣ ማክሰኞም።

መግቢያው ስንት ነው?

በመኪና 30 ዶላር፣ ለ7 ቀን ያገለግላል። ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፣ ካርድ ያዙ። አራተኛ ክፍል የሆነ ልጅ ካላችሁ ለዓመቱ ቤተሰቡን በነፃ የሚያስገባ ፓስ አለ፤ በኢንተርኔት ይወጣል፣ ፕሪንት ማድረግ እንዳትረሱ። የእኛዋ አራተኛ ክፍል ስለሆነች ዘንድሮ "እኔ ነኝ ያስገባኋችሁ" እያለች ነው።

ምን እንብላ፣ ምን እንጠጣ?

ውኃ በሰው ቢያንስ 4 ሊትር። በጥርም ቢሆን። አየሩ በጣም ደረቅ ስለሆነ ላቡ ሳይታያችሁ ይደርቃል፣ ልጁም ጠማኝ ሳይል ይደክማል። ስለዚህ እስኪጠይቁ አትጠብቁ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድንገት ዝም ማለት ካያችሁ ወዲያው ወደ ጥላ።

ምግብ ከቤት ያዙ። እንጀራ ክፍቱን አታውጡ፤ ነፋሱ ሰሃን ላይ እያያችሁት ድርቆሽ ያደርገዋል። እኔ ፍርፍር በየግሉ ዕቃ አድርጌ ኩለር ውስጥ እጨምራለሁ። ቆሎ፣ ዳቦ፣ ብርቱካን። እናቴ በሶ ይዛ መጥታ ነበር፤ በውኃ በጥብጣ ስታጠጣን ከዚያ በፊት ለምን እንዳላሰብኩት ገረመኝ። ለመንገድ የተሠራ ምግብ ነው።

እናቴ ከአገር ቤት መጥታለች። ይከብዳት ይሆን?

በጥር ከሆነ አይከብዳትም። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ሐኪሟን ጠይቁ፣ መድኃኒቱንም መኪና ውስጥ ትታችሁ አትውረዱ፤ በእጅ ቦርሳ ያዙ። ባድዋተር ሜዳ ነው፣ ጉልበት አይፈትንም። አሸዋው ግን ይፈትናል። ዳንቴስ ቪው የሚባለው ከፍታ ደግሞ ከባድዋተር ትይዩ 1,669 ሜትር ላይ ነው፣ መኪና እስከ ላይ ይወጣል። ከታች ይልቅ በጣም ይቀዘቅዛል፤ ጋቢ ያዙላት። የሚታጠፍ ወንበር መያዝም አትርሱ።

ኔትወርክ ከሌለ፣ መኪና ቢበላሽ ምን እናደርጋለን?

አብዛኛው ቦታ ስልክ አይሠራም። ከቤት ሳትወጡ ካርታውን ስልካችሁ ላይ አውርዱ፤ የወረቀቱንም ከማዕከሉ ውሰዱ። ጂፒኤሱ አቋራጭ ብሎ ወደ አፈር መንገድ ቢመራችሁ እሺ እንዳትሉት። ከአስፋልት አትውጡ።

የት እንደምትሄዱና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ንገሩ። መኪናው ከቆመ ከመኪናው አትራቁ። ሰው ፍለጋ በእግር መሄድ ነው አደጋው። በዋናው መንገድ ላይ መኪና አይጠፋም፣ ኮፈኑን ከፍታችሁ ጠብቁ። እኛ አንዴ ጎማ ፈንድቶብን ቆመን፣ ገና ጃኩን ሳናወጣ ሁለት መኪና ቆሞልናል።

ብናድር ይሻላል ብንመለስ?

ከቻላችሁ አንድ ሌሊት እደሩ፤ ለሰማዩ ብቻ ስትሉ። ላስ ቬጋስ ያደገ ልጅ ኮከብ አያውቅም። ጨረቃ የሌለበትን ቀን ምረጡ። የመኪናውን መብራት አጥፍታችሁ፣ ብርድ ልብስ ለብሳችሁ፣ ዓይን እስኪለምድ 20 ደቂቃ ጠብቁ። መጀመሪያ ያጉረመርማሉ፣ ከዚያ ዝም ይላሉ። ማደሪያውን ግን ከወራት በፊት ያዙ፤ በጥሩ ወቅት ይሞላል።

ልጁ ድንጋይ ይዞ መምጣት ቢፈልግስ?

አይቻልም። ድንጋይም፣ ጨውም፣ አበባም መውሰድ በሕግ የተከለከለ ነው። የኔው ልጅ አንዲት አረንጓዴ ጠጠር ኪሱ ከቶ ነበር፤ ያወቅነው መኪና ውስጥ ስንገባ ነው። አልተቆጣሁትም። የባጁን ቃል አስታወስኩትና ተመልሰን ሄድን። ያነሳበትን ቦታ ፈልጎ አገኘው፤ መሬቱ ላይ የጠጠሯ ጎድጓዳ ቅርጽ ቀርቶ ነበር። መጀመሪያ አዙሮ አስቀመጣት፣ አልገጠመችም። ገለበጣትና ልክ ስትገባ "እዚህ ነበርሽ" አላት።